ለዞኑ ሙዚየም፦ የሚያጣላው ታሪክ ይቅር ወይስ በደሉ ይታይ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ ጠያቂው በአንድ ዞን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው። ዞኑ ሙዚየም ሊያስገነባ በጀት ይዟል፤ ይዘቱን የሚወስነው ኮሚቴ ግን ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ወገን «ሙዚየም የሀገር አንድነት መገንቢያ ስለሆነ የሚያጣላ ታሪክ አይግባበት፤ አልባሳት፣ የቤት ዕቃና የሙዚቃ መሣሪያ ይታይ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ሕዝባችን የደረሰበት በደል የማይታይበት ሙዚየም ለማን ይሠራል?» ይላል። ጠያቂው ሙዚየም በእርግጥ ብሔራዊ ማንነትን ይቀርጽ እንደሆነ፣ ጎብኚዎች ተቀራርበው እንዲወጡ የሚያደርገውም ከሁለቱ መንገዶች የትኛው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ምላሽ፦

ሙዚየም ሰውን በአንድ በር አስገብቶ በሌላው በር ለውጦ አያወጣም። ጎብኚው በአዳራሹ ውስጥ የሚቆየው ቢበዛ አንድ ሁለት ሰዓት ነው፤ ይዞት የሚመጣው ግን ቤተሰቡ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የእምነት ቦታው፣ ሬዲዮውና ስልኩ ለዓመታት ሲነግሩት የኖሩትን ነው። ስለዚህ «ጎብኚው ምን ተሰምቶት ይውጣ?» የሚለው ጥያቄ ኮሚቴያችሁን ሩቅ አያደርሰውም። ሙዚየም የራሱ የሆነ ኃይል ያለው በሌላ ቦታ ነው፦ ከተከማቸው ዕቃ ውስጥ የትኛው እንደሚታይ ሲመርጥ፣ የቱ ከየቱ ጎን እንደሚቀመጥ ሲወስን፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ምን እንደሚጻፍ ሲያጸድቅ። «እኛ» የሚባለው ማን እንደሆነ፣ ማን በስሙ እንደሚጠራና ማን በጅምላ እንደሚታለፍ ጎብኚው የሚማረው ከዚህ ነው፤ የሚማረውም አብዛኛውን ጊዜ ሳያውቀው ነው። ሁለቱም የኮሚቴው ወገኖች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ ሙዚየሙን የራሳቸውን መልእክት የሚያስተላልፉበት መድረክ አድርገው ማየታቸው ነው። ልዩነታቸው በመልእክቱ ላይ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ወገን ስሕተት የዕቃ ዐውደ ርእይ ገለልተኛ ነው ብሎ ማሰቡ ነው። አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ አካባቢ የሚገኘውን ብሔራዊ ሙዚየም አደራደር ያስታውሱ። ምድር ቤቱ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን ጨምሮ የሰው ዘር አመጣጥ የሚታይበት ነው፤ በነገራችን ላይ አብዛኛው ጎብኚ የሚያየው ቅጂውን ነው፤ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ተቀምጧል። ከዚያ በላይ ባለው ወለል የቅድመ አክሱምና የአክሱም ሥልጣኔ ቅርሶች፣ ቀጥሎም የነገሥታት ዘውድ፣ ካባና ዙፋን ይታያሉ። በሚቀጥለው ወለል ሥዕሎች አሉ። በመጨረሻው ላይ የልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ዕደ ጥበብ፣ አልባሳትና የቤት መገልገያ ይገኛል። አደራደሩን ያወጣው ሰው ክፉ ሐሳብ ነበረው ማለቴ አይደለም፤ ክምችቱ በዋናነት ከቁፋሮና ከቤተ መንግሥት የመጣ በመሆኑ እንዲህ መሆኑ አያስደንቅም። ውጤቱ ግን መታየት አለበት። ዘውዱ የማን እንደነበረና ባለቤቱ መቼ እንደነገሠ ይታወቃል። ቅሉ ወይም ጋሻው ግን ብዙውን ጊዜ የአንድ ብሔረሰብ መሆኑና ጥቅሙ ብቻ ይነገርለታል፤ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራ፣ እንዴት ከባለቤቱ እጅ እንደወጣ አይነገርም። ከደቡብ ምዕራብ የመጣ ተማሪ ምድር ቤቱን አይቶ እስከ ላይኛው ወለል ሲደርስ፣ አንዳንዱ ሕዝብ ታሪክ እንዳለው፣ የእሱ ግን ባህል ብቻ እንዳለው ተምሮ ይወርዳል። ይህን የሚል ዐረፍተ ነገር በየትኛውም ግድግዳ ላይ አልተጻፈም።

ድንቅነሽን ሁሉም «የእኔ» ለማለት የማይቸገርበት ምክንያትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ስትሄዱ ገባርም ባላባትም፣ ደጋም ቆላም የሚባል ወገን የለም። አንድነት የሚገኘው ከሁላችንም ጠብ በፊት ወደ ነበረ ዘመን በመሄድ ነው። በዞን ደረጃ ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የላችሁም፤ ከምትሰበስቧቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ ባለቤቶቻቸው ወይም የባለቤቶቻቸው ልጆች በሕይወት ያሉ ናቸውና።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ፤ ምክንያቱም «አልባሳትና የቤት ዕቃ ብቻ» የሚለው አቋም የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች ሸክላ የሚሠሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ቆዳ የሚያለፉ ቤተሰቦች መሬት ተነፍገው፣ በጋብቻ ተገልለው፣ አንዳንድ ቦታ ከሌላው ጋር በአንድ ዕቃ እንዳይበሉና እንዳይጠጡ ተደርገው ኖረዋል። ሙዚየሙ ሲከፈት ግን የእነዚሁ ሰዎች እንስራ፣ ማረሻና ጋሻ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ገብተው «የብሔረሰቡ ቅርስ» ይባላሉ። እንስራውን የሠራችው ሴት የልጅ ልጅ ለጉብኝት መጥታ የአያቷ እጅ ሥራ የሁሉም ኩራት ሆኖ ስታገኘው፣ የአያቷ ስምና የደረሰባት መገለል ግን የትም ሳይጠቀስ ሲቀር፣ ዐውደ ርእዩ ከጠብ ርቋል ማለት አይቻልም፤ በጠቡ ውስጥ ያለ ምንም ድምፅ ወገን ይዟል። ከዞኑ ውስጥ በቁጥር አነስተኛ የሆኑ ወገኖች፣ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች፣ የከተማው ነጋዴዎች የት ይቀመጣሉ የሚለውም እንዲሁ ነው። የማን ልብስ መሐል ላይ እንደሚቆምና የማን ጥግ እንደሚይዝ ከመወሰን ማምለጥ አይቻልም።

ዕቃን በብሔረሰብ ከመደርደር ለማምለጥ ከተሞከሩት መንገዶች በጣም የማከብረው ስድስት ኪሎ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚታየውን ነው። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት የገባው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲው በሰጡት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። እዚያ ያለው የሕዝቦች ባህል ዐውደ ርእይ በክልል ወይም በብሔረሰብ አልተከፋፈለም፤ የተደረደረው በሰው ልጅ የሕይወት ዑደት ነው፦ ልጅነት፣ ጎልማሳነት፣ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው። የሰሜኑ ሕፃን ማዘያ ከደቡቡ አጠገብ፣ የአንዱ የመቃብር ምልክት ከሌላው አጠገብ ስለሚገኝ ጎብኚው የራሱን ፍለጋ ሲሄድ የሌላውን ማየቱ ግድ ነው። ይህ አደራደር «እኔ የት አለሁ?» የሚለውን ጥያቄ «ሌላውስ ይህንኑ እንዴት ያደርገዋል?» ወደሚል ያሸጋግረዋል፤ ለዞናችሁ ቋሚ ዐውደ ርእይም በአርአያነት እመክረዋለሁ። ነገር ግን ጉድለት አለበት፦ የሕይወት ዑደት ዓመተ ምሕረት የለውም። ሁሉም ይወለዳል፣ ያገባል፣ ይሞታል፤ ማን መሬት እንደነበረው፣ ማን እንደተሸጠ፣ ማን በርሃብ እንዳለቀ ግን በዚህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ቦታ አያገኝም።

በዚያው ግቢ፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት የቆመውን ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ሳያዩ አይመለሱ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያቆሙት፣ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ላለፈው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን አድርገው ነው። ከድል በኋላ አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። የመጀመሪያው ገንቢ የተናገረው ሳይሰረዝ መልሱ በላዩ ታክሎበታል ማለት ነው። በሙዚየም ሥራ ውስጥ ይህ መሠረታዊ ዘዴ ነው፤ ወደ መግለጫ ጽሑፎቹ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

የሁለተኛው ወገን ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መፍትሔ ብሎ ያሰበው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በደልን የሚያሳይ ሙዚየም እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከመስቀል አደባባይ ጥግ ያለው፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ጥሩ መማሪያ ነው። ጥንካሬው ንግግር አለማብዛቱ ነው። ግድግዳውን የሞላው የወጣቶች ፎቶግራፍ ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ አጽምና የሟቾች ልብስ አለ፤ ከእስርና ከግርፋት የተረፉ ሰዎች ራሳቸው ሲያስጎበኙ ኖረዋል። «ብዙ ሰው አለቀ» ከሚለው ይልቅ የአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ፊትና ስም ጎብኚውን ያቆመዋል፤ ያየውን ለመካድም ይከብደዋል። ሙዚየሙ ግን የሟች ቤተሰቦች መታሰቢያ ሆኖ የተወለደ በመሆኑ ትኩረቱ ደርግ በፈጸመው ግድያ ላይ ነው። በ1969 ዓ.ም. በከተሞች ውስጥ ኢሕአፓ የተባለው የግራ ፓርቲ የደርግን ደጋፊዎችና የተቀናቃኙን የግራ ድርጅት የመኢሶንን ሰዎች ይገድል እንደነበር፣ መኢሶን ራሱ ከደርግ ጋር ከሠራ በኋላ እንዴት እንደተበላ፣ ቤተሰብ በወንድማማቾች መካከል እንዴት እንደተከፈለ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ መሄድ አለበት። ለመታሰቢያ ይህ ነውር አይደለም፤ የሚያለቅስ ሰው የሌላውን ለቅሶ እንዲያስተናግድ አይገደድም። በሕዝብ ገንዘብ ለዞኑ ነዋሪ ሁሉ የሚሠራ ሙዚየም ግን ይህን መብት ሊወስድ አይችልም፤ አባቱ በሌላኛው ወገን ጥይት የሞተበት ልጅም የዚሁ ዞን ግብር ከፋይ ነውና።

መታሰቢያና ሙዚየም ሲደባለቁ የሚፈጠረውን በአርሲ፣ ሄጦሳ ወረዳ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአኖሌ ሐውልት በግልጽ ያሳያል። የምኒልክ ጦር በ1870ዎቹ በአርሲ ያካሄደው ዘመቻ ረጅምና ብዙ ደም የፈሰሰበት መሆኑ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ አከራካሪ የሆነው በአኖሌ ተፈጸመ የሚባለው የእጅና የጡት ቆረጣ ዝርዝር ነው። የተቆረጠ ጡት የያዘው የሐውልቱ እጅ ግን ዝርዝር አይቀበልም። ማን መሰከረ፣ መቼ ተጻፈ፣ የትኛው የቃል ትውፊት ከየትኛው ጋር ይስማማል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሐውልቱ መልስ የለውም፤ አዲስ ማስረጃ ቢገኝም ሊታረም አይችልም። ትዝታውን ለያዙት ሰዎች ትልቅ ነገር ሰጥቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ለሀገሩ ውይይት ግን የተረፈው ተቀበል ወይም ካድ የሚል አማራጭ ብቻ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ስለ አርሲ ዘመቻ ሳይሆን ስለ ሐውልቱ ሆኗል። የእናንተ ሁለተኛ ወገን የሚፈልገው በደሉ እንዲታወቅለት ከሆነ ሐውልት አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው ሊመረመር የሚችል ማስረጃ ነው።

ኮሚቴው ውስጥ «እንደ ዓድዋ እናድርገው» የሚል ሦስተኛ ድምፅ ቢነሣም አይገርመኝም። የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ስፋቱና አቀራረቡ ብዙ ሰው ማርኳል። ነገር ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነት ጠላቱ ከውጭ የመጣ ነው፤ ከመቅደላ ስለተዘረፉት ቅርሶች ስንነጋገርም፣ በ2011 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ከለንደን ሲመለስም እንዲሁ፣ ተበዳዩ ሁላችን፣ በዳዩ ሌላ ነው። እንዲያም ሆኖ የዓድዋው ሙዚየም ከተከፈተ ጀምሮ ምኒልክ በቂ ቦታ አገኙ ወይስ አነሰባቸው፣ ከየአቅጣጫው የዘመቱት ጀግኖች በትክክል ተወከሉ ወይ የሚለው ክርክር አልበረደም። በ1923 ዓ.ም. የቆመው፣ ጣሊያኖች ነቅለው የቀበሩት፣ ከነፃነት በኋላ የተመለሰው የምኒልክ ሐውልት እዚያው ጎን ላይ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቀን የሚያይ ሰው አንድ ድል በሁለት ዘመን ሁለት ዓይነት ሆኖ እንደተነገረ ይረዳል። እንግዲህ ከውጭ በመጣ ጠላት ላይ የተገኘ ድል ይህን ያህል ካከራከረ፣ በአንድ ዞን ውስጥ በገባርና በባለ ርስት፣ በነባርና በሰፋሪ መካከል የነበረውን ነገር በዚያው ዘዴ፣ በትልቅ ሥዕልና በነሐስ ሐውልት አስማማለሁ ማለት የማይሆን ነው።

ለእናንተ የሚቀርበው አርአያ አዲስ አበባ ውስጥ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ያለው የዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም በአፓርታይድ ዘመን ከ60,000 በላይ ነዋሪዎች ተባረው ቤታቸው የፈረሰበትን ሰፈር ያስታውሳል። መንግሥት ሰፈሩን እ.ኤ.አ. በ1966 የነጮች ብቻ ብሎ ዐወጀ፤ ሙዚየሙ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1994 በአንድ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ የፈረሱት መንገዶች ሰፊ ካርታ ተዘርግቷል፤ የቀድሞ ነዋሪዎች እየመጡ ቤታቸው፣ ሱቃቸው፣ ትምህርት ቤታቸው የነበረበትን ቦታ በእጃቸው ይጽፉበታል። የመንገዶቹን ስም የያዙት ሰሌዳዎች ደግሞ የተገኙት በማፍረሱ ሥራ ላይ ከነበረ አንድ ሰው ቤት ነው። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ለቅሶው አይደለም። አንዱ «ዳቦ ቤቱ እዚህ ነበር» ብሎ ሲጽፍ ጎረቤቱ መጥቶ «የለም፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ነው» ይለዋል፤ ትዝታ በጎረቤት ፊት ይፈተናል፣ ይታረማል፣ ይጸናል። ሙዚየም ለሕዝብ ውይይት የሚያበረክተው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ክርክሩ ስለ ሰዎች ክፋትና ደግነት መሆኑ ቀርቶ ፊት ለፊት ስላለ ነገር እንዲሆን ያደርጋል።

ከዚህ ተነሥቼ የምመክረው ኮሚቴው ሁለቱንም አቋሞች ትቶ በአንድ ርእስ ላይ ጊዜያዊ ዐውደ ርእይ እንዲያዘጋጅ ነው፤ ርእሱም መሬት ይሁን። በሀገራችን መሬት ያልነካው ቤተሰብ የለም፤ በደሉም ኩራቱም፣ ፍልሰቱም ጋብቻውም በእሱ በኩል ያልፋል። ሕዝቡ ቤት ያለውን ሣጥን ይክፈትና ምን እንደሚወጣ ይዩ፦ የግብር ደረሰኝ፣ የርስት ክርክር ውሳኔ፣ መሬት በቀላድ (በመለኪያ ገመድ) ሲለካ የተሰጠ ወረቀት፣ የጭሰኛ ውል፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ካደረገው ከአዋጅ ቁጥር 31/1967 በኋላ የገበሬ ማኅበሩ የያዘው መዝገብ፣ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በሰፈራ የመጣ ቤተሰብ ይዞት የመጣው ሞፈር፣ የመንደር ምሥረታው ጊዜ የፈረሰ ቤት ፎቶግራፍ፣ በመጨረሻም ዛሬ ብዙ አባወራና እማወራ ያለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር። የገባሩ የልጅ ልጅና የመልከኛው (መሬቱን ያስተዳድር የነበረው ሹም) የልጅ ልጅ ሁለቱም ወረቀት አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ያው አንድ መሬት በሁለቱም ወረቀት ላይ ይገኛል። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ መስታወት ሥር ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚነሣው ጥያቄ በኮሚቴ ስብሰባ ላይ ከሚነሣው የተሻለ ይሆናል። ከላይ ያነሣኋቸው ሸክላ ሠሪዎች ደግሞ የሚያሳዩት ወረቀት አይኖራቸው ይሆናል፤ ወረቀት ያጡበትን ምክንያት የሚናገር ባዶ ቦታ በዚያው መደርደሪያ ላይ ይተውላቸው።

የመግለጫ ጽሑፎቹ ላይ ጥብቅ እንዲሆኑ እለምናለሁ፤ ሙዚየም የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። በሰነድ የተረጋገጠው፣ ከሽማግሌዎች ቃል የተገኘውና የሚያከራክረው ለየብቻ ተለይቶ ይጻፍ፤ አንባቢው የትኛውን እያነበበ እንደሆነ ይወቅ። የሚያከራክር ነገር ሲኖር ሁለቱም ትረካዎች በእኩል የፊደል መጠን ይቀመጡ፤ «አንዳንዶች እንደሚሉት» እያሉ አንዱን ማሳነስ ውይይት አይባልም። ጽሑፎቹ በዞኑ ቋንቋና በአማርኛ ይዘጋጁ፤ የሁለቱም ይዘት አንድ ይሁን። በዞኑ ቋንቋ ምሬቱን፣ በአማርኛ አንድነቱን የሚጽፍ ሙዚየም ሁለቱንም ቋንቋ በሚያነብ የመጀመሪያው ተማሪ ይያዛል። ማን እንደጻፈውና መቼ እንደተጻፈ ከግርጌ ይታይ። ጽሑፉ ስሕተት ሆኖ ከተገኘም አይነቀል፤ እንደ ስድስት ኪሎው ደረጃ እርማቱ ከጎኑ ይለጠፍ። ከመታተሙ በፊት ከሁለቱም የኮሚቴ ወገኖች፣ በተጨማሪም ከኮሚቴው ውጭ ካሉ የማይስማሙ ሰዎች እጅ ገብቶ ይነበብ፤ ተቃውሞ ያለው ሰው በጽሑፍ ከነማስረጃው ያቅርብ።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች አሉ። ዕቃ ስትሰበስቡ በስጦታ ነው ወይስ በአደራ የሚለው ለእያንዳንዱ በተፈረመ ቅጽ ይለይ፤ የቤተሰብ ሰነድ ከሆነ ዋናው ለባለቤቱ ተመልሶ ቅጂው ቢታይ ይመረጣል። ሰው ዕቃውን የሚሰጠው ለሕንፃ ሳይሆን ላመነው ሰው ነው፤ በሐረር በአንድ ግለሰብ ሰብሳቢነት የተጀመረው የሸሪፍ ሙዚየም ከየቤቱ በወጡ የብራና መጻሕፍትና ዕቃዎች የበለጸገው በዚህ ዓይነት እምነት ነው። ታቦትና የመሳሰሉት ንዋያተ ቅድሳት፣ ለአንዳንድ እምነት ተከታዮችም ከተወሰኑ ሰዎች በቀር ሊታዩ የማይገባቸው ዕቃዎች ለዕይታ አይቅረቡ፤ ለንደን ያለው ብሪቲሽ ሙዚየም እንኳን በእጁ ያሉትን የመቅደላ ታቦታት ለሕዝብ አያሳይም። አጽም ያለ ቤተሰብ ፈቃድ መስታወት ውስጥ አይግባ። «የጅምላ መቃብር እናውጣ» የሚል ሐሳብ ከተነሣም በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር እንደማይቻል ለኮሚቴው በግልጽ ይነገረው፤ የቅርብ ጊዜ ግድያ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የፖሊስና የፍርድ ቤት ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የተፈጸሙ ግድያዎችንና ማፈናቀሎችን በተመለከተ በሕይወት ያለ፣ ያልተፈረደበት ሰው ስም በበዳይነት ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፤ የመስካሪዎችም ማንነት አይገለጥ። ምስክርነቱ ይሰብሰብ፣ ይቀረጽ፣ በቁልፍ ይቀመጥ። ሀገሪቱ በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የምክክር ኮሚሽን አቋቁማለች፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል፤ የእነዚህ ሥራ የራሱ ውጣ ውረድ አለው፤ ሙዚየም ግን በእነሱ ፋንታ ሊፈርድም ይቅር ሊልም አይችልም። የሚችለው ማስረጃው እንዳይጠፋ ማድረግ ነው፤ ሰነድ በየወረዳው መጋዘን በዝናብና በአይጥ በሚያልቅበት ሀገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ በጀቱ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ልማዱ ገንዘቡን በሕንፃ ጨርሶ ለአስጎብኚ ደመወዝ ማጣት ነው። ጎብኚው የሚያስታውሰው ከእብነ በረዱ ይልቅ አስጎብኚው የተናገረውን ነው፤ በመግለጫው ላይ እኩል የተጻፉትን ሁለት ትረካዎች አስጎብኚው በአንድ ፈገግታ ወይም በአንድ «ይባላል» ሊያዛባቸው ይችላል። ከተለያየ የኅብረተሰብ ክፍል የመጡ ቢያንስ ሁለት አስጎብኚዎች ይቀጠሩ፤ ለተቃውሞ እንዴት እንደሚመልሱ ይሠልጥኑ፤ የተማሪዎች ጉብኝት ሲኖር ግማሹ ጊዜ ለተማሪዎቹ ጥያቄ ይተው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ይዘው የሚገቡት ሐሳብ ይህ ይሁን፦ ለመጀመሪያው ዓመት የዞኑ የስብሰባ አዳራሽ ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በቂ ነው፤ ከበጀቱ ላይ ለሰነድ ምዝገባ፣ ለድምፅ ቀረጻና ለአስጎብኚዎች የሚሆነው ይነሣ፤ የመሬት ዐውደ ርእዩ ተዘጋጅቶ፣ መግለጫዎቹ በሁለቱም ወገን ተነበው፣ የማያስማማቸው ቦታ በራሱ በመግለጫው ላይ ሰፍሮ እስኪፈርሙበት ድረስ የሕንፃው ጨረታ አይውጣ።